ጥገናና ኅሊና

ስለ መልካምና ስለ ክፉ የሚጻፉ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ ከታላላቅ ነገሮች ይነሣሉ። ጦርነት፣ ክህደት፣ ሥልጣንና ሞት የጸሐፊዎች የዘወትር ምሳሌዎች ናቸው። ይሁን እንጂ አንድ ሰው በዕድሜው ሙሉ ጦር ሜዳ የሚውልበት ወይም የሌሎችን ዕጣ የሚወስንበት ቀን ጥቂት ነው። የተበላሸ ዕቃ ከፊቱ ተቀምጦ «አሁን ይህን ምን ላድርገው?» ብሎ ራሱን የሚጠይቅበት ቀን ግን ስፍር ቁጥር የለውም። የሚያፈስ ጣሪያ፣ እግሩ የላላ ወንበር፣ የሚንኳኳ ሞተር በየቤቱ አለ። ማንም በማያይበት ጓሮ መፍቻ ይዞ ብቻውን የቆመ ሰው የሚወስደው ውሳኔ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የኅሊናን ጠባይ ለመመርመር ከዚህ የተሻለ ሥፍራ በቀላሉ አይገኝም።

ከዚህ የሚነሣው ጥያቄ የሚከተለው ነው። «ለጊዜው ያህል» ተብሎ የሚሠራ ጥገና እስከ ምን ድረስ እውነተኛ ሥራ ነው? ከየት ጀምሮስ ሐሰት ይሆናል? ጥያቄው የመካኒክ ብቻ አይደለም። በመምህሩ ሰሌዳ፣ በሠዓሊው ሸራ፣ በሹሙ ጠረጴዛ ላይም በየዕለቱ ይቀርባል። መልሱን በደመና ላይ ላለመፈለግ ግን አንድ የታወቀ ሥፍራና አንድ የሚጨበጥ የብረት ዕቃ ይዞ መነሣት ይጠቅማል።

ሥፍራው ካንጋተን ይሁን። ካንጋተን በደቡብ ኦሞ የኛንጋቶም ወረዳ ከተማ ናት፤ በኦሞ ወንዝ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ500 ሜትር በታች በሆነ ቆላ ላይ ትገኛለች። ጂንካ በአንጻሩ ከ1,400 ሜትር በላይ ከፍታ አላት። ከጂንካ ተነሥቶ በቀይ አፈር፣ በዲመካና በቱርሚ በኩል ወደ ካንጋተን የሚወርድ መንገደኛ አየሩ በየምዕራፉ እየሞቀ፣ ዛፉ እያጠረ፣ አቧራው እየላመ ሲሄድ ይሰማዋል። ሙቀቱ ለሰው ከባድ ነው፤ ለሞተርም እንዲሁ። በእንዲህ ያለ አገር መኪና የቅንጦት ዕቃ አይደለም። የታመመውን፣ እህሉን፣ ደብዳቤውንና መድኃኒቱን የሚያገናኝ ገመድ ነው።

ይህ ምድር ስለ ሰውና ስለ መሣሪያው ለሚያስብ ሁሉ ሌላም ትርጉም አለው። በታችኛው የኦሞ ሸለቆ፣ ሹንጉራ በተባለው የአለት ንብርብር ውስጥ፣ 2.3 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ ያላቸው የተፈለጡ የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኝተዋል። በዚያው ሸለቆ ኪቢሽ በተባለው ሥፍራ በ1959 ዓ.ም. የዘመናዊው ሰው የራስ ቅል ተገኘ፤ ዕድሜው በ1997 ዓ.ም. 195,000 ዓመት እንደሆነ ተገምቶ ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. የታተመ ጥናት ደግሞ ወደ 230,000 ዓመት አድርሶታል። ሸለቆው በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ1980 ነው።

በዚያ በጥንቱ ዘመን ድንጋዩን የፈለጠው እጅ ራሱ ሳይጠቀምበት አይቀርም፤ ስለቱ ሲደነዝዝ የሚቸገረውም ያው እጅ ነው። ሠሪው፣ ተጠቃሚውና ተጎጂው በአንድ አካል ውስጥ በነበሩበት ጊዜ ሐሰተኛ ጥገና የሚሠራበት ምክንያት አልነበረም፤ ማን ማንን ያታልላል? የሥራ ክፍፍል ሲሰፋ ግን እነዚህ ሦስቱ ተለያዩ። ዛሬ መኪናውን የሠራው ሌላ፣ የጠገነው ሌላ፣ የሚነዳው ሌላ፣ በላዩ የሚሳፈረውም ሌላ ነው። የጥገና ሥነ ምግባር የተወለደው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። አንዱ ያጠበቀውን ቡሎን ሌላው በሕይወቱ ያምነዋል።

አሁን የብረት ዕቃውን እናንሣ። በሞተር ፊት ለፊት የሚዞረውን የጎማ ጠፍር መካኒኮቻችን «ቺንጋ» ይሉታል። ቃሉ ጣሊያንኛ ነው፤ ማጥበቂያ ጠፍር ማለት ሲሆን የኮርቻ መታጠቂያም በዚሁ ስም ይጠራል። ፑሌጃ፣ ኩሽኔታ፣ ሞላ፣ ቡሎን፣ ካቻቢቴ፣ ኮፋኖ ሁሉ ከዚያው ቋንቋ የመጡ ናቸው። ወራሪው ጦር በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ወጣ፤ የጋራዡ ቃላት ግን በሠራተኛው አፍ ላይ ቀሩና የኛ ሆኑ። ቺንጋ የሞተሩን ጉልበት ተቀብሎ ለዲናሞው፣ ለውሃ ፓምፑና ለመሪው ፓምፕ ያካፍላል። እርሱ ሲበጠስ ባትሪው አይሞላም፤ መሪው ይከብዳል፤ ከሁሉም የከፋው ደግሞ ውሃው መዘዋወሩን ስለሚያቆም ሞተሩ ይግላል። በቆላ ሙቀት ሾፌሩ ጥቂት ከዘገየ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል፤ ቴስታታውም ሊጣመም ይችላል።

በቀደሙት መኪኖች ላይ ቺንጋውን የሚወጥረው ሰው ራሱ ነበር። ሾፌሩ ኮፋኖውን ከፍቶ ቺንጋውን በአውራ ጣቱ ይጫነዋል፤ ከልክ በላይ ከረገበ የዲናሞውን ቡሎን ያላላና ዲናሞውን ስቦ መልሶ ያጠብቃል። በደቡብ ኦሞ ብዙ ዘመን ካገለገሉት የላንድ ክሩዘር ዓይነቶች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ከዚያ በኋላ ግን በሁሉም ፑሌጃዎች ዙሪያ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ የሚያልፍ አንድ ረጅም ቺንጋ መጣ። በገበያ ላይ በሰፊው መታወቅ የጀመረው በ1979 ሞዴል የፎርድ ሙስታንግ መኪና ነው። ይህ አንድ ቺንጋ የብዙዎቹን ሥራ ስለሚሠራ ውጥረቱ ሁልጊዜ እኩል መሆን አለበት፤ ስለዚህ ሞላ ያለው ክንድና በጫፉ የሚዞር ፑሌጃ ተጨመረለት። በጋራዥ «ቴንሽነር» ይባላል፤ ቺንጋ ወጣሪ ብንለው ሥራውን ይገልጸዋል። ቺንጋው ሲሞቅና ሲለጠጥ ክንዱ ይገፋዋል፤ ጫና ሲበዛ ደግሞ ጥቂት ይሸሽለታል።

በዚህ ለውጥ ሰው ዕረፍት አገኘ። ይሁን እንጂ ዕረፍቱ አንድ ነገር አስረሳው። ቀድሞ በገዛ ጣቱ ይጠብቀው የነበረውን ውጥረት ለሞላ አደራ ሰጠ፤ አደራ ተቀባዩ እንደሚያረጅ ግን ልብ አላለም። ሞላ ይደክማል፤ ኩሽኔታ ቅባቱን ጨርሶ ያጉረመርማል፤ ክንዱም በመገጣጠሚያው ይወላገዳል። ከ100,000 ኪሎ ሜትር በኋላ በጥንቃቄ ሊመረመር የሚገባው ዕቃ ነው፤ የአቧራ አገር ደግሞ ቀኑን ያቀርበዋል። ያረጀው ቺንጋም ቢሆን እንደ ድሮው በቀላሉ አይታይም። የቀድሞው ጎማ ሲያረጅ ይሰነጣጠቅ ስለነበር ዓይን ይበቃው ነበር፤ የአሁኑ ጎማ ግን ሳይሰነጠቅ በዝምታ ይሳሳል፤ የጉድጓዶቹን ጥልቀት ካልለኩ ደኅና ይመስላል። ጥንቃቄ ከእጅ ወደ ዕቃ በተዛወረ ቁጥር የሰው ዕውቀት አብሮ ካላደገ ምቾቱ ድንቁርናን ይወልዳል።

እንግዲህ በካንጋተን አንድ ሰው እናስብ። ያረጀች ፒክአፕ መኪና አለችው፤ እህልና ሰው ይጭንባታል። በማግሥቱ ወደ ጂንካ ሊወጣ ቀጠሮ ይዟል። መኪናዋ ግን ጠዋት ጠዋት ስትነሣ ትጮኻለች፤ ቺንጋው ሲንሸራተት የሚሰማው ቀጭን ጩኸት ነው። ሰውየው ሳሙና አመጣና ሞተሩን አጥፍቶ የቺንጋውን ሆድ ቀባው። ሲያስነሣት ጩኸቱ ጠፋ።

ረዳቱ አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው፤ ጠጋ አለና፦

«ጋሼ፣ ዳነች?» አለው።

«አትሰማም እንዴ? ዝም አለች።»

«ዝም ማለትማ ዝም ብላለች። ግን ይኼ ቺንጋ እኮ በስድስት ወር ውስጥ ሁለተኛው ነው። ሦስተኛውን ስንገዛም ሳሙና እንቀባዋለን?»

ሰውየው መልስ አልሰጠም። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ በሙሉ በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው። ጩኸቱ ሕመሙ አልነበረም፤ የሕመሙ መልእክተኛ ነበር። ሳሙናው የላላውን አላጠበቀም፤ መልእክተኛውን አፉን ያዘው እንጂ። ጉዳቱ ከድሮው የባሰ ሆነ ማለት ነው፤ ቀድሞ የላላና የሚናገር ቺንጋ ነበረ፤ አሁን ግን የላላና የማይናገር ቺንጋ አለ። ቺንጋውን ብቻ በአዲስ መለወጥም ከዚህ እምብዛም አይሻልም። ጥፋተኛው ወጣሪው ሆኖ ሳለ ቅጣቱን ተራ በተራ የሚቀበሉት ቺንጋዎቹ ናቸው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለው የአበው ቃል ለዚህ የተነገረ ይመስላል። አዲስ ቺንጋ ከመጠምጠም በፊት አሮጌው ለምን እንደተበላ መማር ነበረበት።

ሰውየው በልጁ ንግግር ተነክቶ ኮፋኖውን መልሶ ከፈተ እንበል። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠበቀ፤ የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ነቀለ። ቺንጋው በየትኛው ፑሌጃ ላይ በሆዱ፣ በየትኛው ላይ በጀርባው እንደሚያልፍ በካርቶን ላይ በከሰል ሣለ፤ ይህን ሳያደርግ የፈታ ሰው ሲመልስ ግማሽ ቀን ይጠፋበታል፤ ቢሳሳትም ፓምፑን ወደ ኋላ ሊያዞር ይችላል። ከዚያ ወጣሪውን በመፍቻ ወደ ሞላው ተቃራኒ ገፍቶ ቺንጋውን ከአንድ ለስላሳ ፑሌጃ ላይ አወጣው፤ ሞላው ሲመለስ ጣት ስለሚቀጠቅጥ ክንዱን በዝግታ ለቀቀው። የወጣሪውን ፑሌጃ በእጁ ቢያዞረው እንደ ወፍጮ ተንኳኳ። ክንዱን ቢነቀንቀው ወደ ጎን ተወላገደ። በዚህ ጊዜ ሰውየው እንደ አንድ ፈተና ፊት ለፊት ቆመ። ከዚህ በፊት «አላወቅሁም» ሊል ይችል ነበር፤ ከአሁን በኋላ ግን ያውቃል።

ማወቅ ከባድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው ኮፋኖውን የማይከፍተው ከስንፍና አይደለም፤ ያየውን ነገር ተሸክሞ መሄድ ስለሚፈራ ነው። ያላወቀ ሰው ቸልተኛ ሊባል ይችላል፤ አውቆ ዝም ያለ ግን የተሳፋሪውን ሕይወት ለራሱ ትርፍ ያስያዘ ነው።

በዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል፤ ተቃውሞውም ተገቢ ነው። «ይህ ሁሉ ስብከት ዕቃ በሞላበት ከተማ ለሚኖር ሰው ነው። ካንጋተን ያለ ሰው ወጣሪውን ከየት ያመጣል? ከአዲስ አበባ እስከ ጂንካ ብቻ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ዕቃው እስኪመጣ መኪናዋ ብትቆም በሽተኛውን ማን ያደርሰዋል? እህሉንስ? ድሀ አገር የሚኖረው በማቆያ ነው፤ ማቆያን የሚነቅፍ ድህነትን የማያውቅ ነው።»

እውነት ነው። መኪናዋን ማቆምም ራሱ ንጹሕ ውሳኔ አይደለም፤ የቆመች መኪናም ሰው ትጎዳለች። ስለዚህ ማቆያን በጅምላ ማውገዝ አይገባም። በሽቦ የታሰረ ጭስ ማውጫ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ የውሃ ቱቦ የብልህ እጅ ሥራዎች ናቸው፤ ብዙ ነፍስ አድነዋል። ጥያቄው ማቆያ መሠራቱ ላይ ሳይሆን ማቆያው ስሙን መለወጡ ላይ ነው። ማቆያ «ማቆያ ነኝ» እያለ እስከቆየ ድረስ እውነተኛ ሥራ ነው። «ድኛለሁ» ያለ ዕለት ሐሰት ይሆናል።

ልዩነቱን ለማወቅ ሦስት ነገሮችን መጠየቅ ይበቃል። አንደኛ፣ ተነግሯልን? በመኪናዋ የሚሳፈሩት ሰዎች የሚያውቁት ነገር ነው ወይስ በሾፌሩ ሆድ ውስጥ ብቻ ያለ? ሁለተኛ፣ ልክ አለውን? ጭነቱ ተቀንሷል? ፍጥነቱስ? የሙቀት መለኪያው ላይ ዓይኑን የሚጥል ሰው አለ? ሦስተኛ፣ ቀን አለውን? መቼ፣ በየትኛው ጉዞ፣ በየትኛው ገንዘብ እንደሚያበቃ ተወስኗል? ሦስቱም መልስ ካገኙ ማቆያው የድልድይ ሥራ ይሠራል። አንዳቸውም መልስ ካላገኙ ግን ሰውየው ሳሙናውን እየቀባ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ሲሮጥ መታጠቅ ግድ የሆነበት ሰው ቢኖር እንኳ ቆሞ መልሶ የሚታጠቅበትን ቦታ አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ያ የካንጋተን ሰው እነዚህን ጥያቄዎች ለራሱ አቀረበ እንበል። በማግሥቱ ተሳፋሪዎቹ በተሰበሰቡ ጊዜ የወጣሪው ኩሽኔታ እንደተበላ፣ ለውጡ ጂንካ እንደሚገኝ፣ ጭነቱን በግማሽ ቀንሶ በዝግታ እንደሚሄድ፣ መንገድ ላይ ሊቆሙ እንደሚችሉ ነገራቸው። አንዱ ወጣት ነጋዴ ተቆጥቶ ዕቃውን አወረደ። ከእርሱ ኋላ የቆሙት ሽማግሌ ግን በትራቸውን አስቀድመው ወጡና «ልጄ፣ ነግረኸኛል፤ እንግዲህ አብረን ነን» አሉ።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ይህ ነው። ቺንጋው አልጠበቀም፤ ኩሽኔታው አልታደሰም፤ አደጋው ከትናንቱ በአንዲት ቅንጣት አልቀነሰም። የተለወጠው የሰዎቹ ግንኙነት ነው። ትናንት አንድ የሚያውቅና ብዙ የማያውቁ ነበሩ፤ ዛሬ ግን ሁሉም የሚያውቁትን አደጋ በፈቃዳቸው የተካፈሉ ጓደኞች ሆኑ። ነጋዴው ቢወርድም አልተበደለም፤ የሚመርጥበት ዕውቀት ተሰጥቶታልና። ሰውየው ግን ዋጋ ከፍሏል፤ የአንድ ሰው ሒሳብና የግማሽ ጭነት ኪራይ አጥቷል። ዋጋ ያላስከፈለ እውነት በቀላሉ ይነገራል፤ የኅሊና መለኪያው የሚያስከፍለው ነው።

የቆላው ሕዝብ ስለዚህ ጉዳይ በእጁ ሥራ የሚያስተምረው ነገር አለ። በዚያ አገር አሮጌ የመኪና ጎማ አይጣልም፤ ተቆርጦ በረባሶ ይሆናል። እሾህ ይረግጣል፤ ጠጠር ይረግጣል፤ ለዓመታትም ያገለግላል። ሆኖም በረባሶ «አሁንም የመኪና ጎማ ነኝ» ብሎ ማንንም አያታልልም። ያለፈው አልፎ በአዲስ ስሙ በእግር ላይ ይኖራል። የከብት አርቢውም ልማድ ከዚህ አይርቅም። ማታ ከብቱ ሲገባ አንድ በአንድ ያያል፤ የምታነክሰዋን ይለያታል፤ ድምፅዋን ስለማትወድ አፏን አያስራትም፤ እግሯን ያያል እንጂ።

መምህር ተማሪው ያልገባውን ነገር በቃል አስጠንቶ ፈተናውን ሲያሳልፈው፣ ተውኔት ደራሲ ሦስተኛው ገቢር እንደማይቆም እያወቀ በዘፈንና በመብራት ሲሸፍነው፣ የሥራ ኃላፊ በስብሰባ ላይ አቤቱታ ያሰማውን ሰው ዝም አሰኝቶ «ችግሩ ተፈቷል» የሚል ሪፖርት ሲጽፍ፣ ሁሉም እጃቸው ላይ ሳሙና አለ። እያንዳንዳቸው የሚጮኸውን ዝም አሰኝተዋል፤ የላላውን ግን አልነኩትም። ጩኸት ይረብሻል፤ የማይመች ነው፤ አንዳንዴም ያለ ቦታው ይጮኻል። ቢሆንም ከሞተሩ ውስጥ ስላለው ነገር በነፃ የሚመሰክር እርሱ ብቻ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለውም ለዚህ ነው፤ ቅጠሉን የሚያመጣው ጭሱን ያየ ሰው ነውና።

ሰውየው ከጂንካ አዲሱን ወጣሪ ይዞ ተመለሰ። በገዛ ግቢው፣ በግራር ጥላ ሥር፣ ካርቶኑን ከፊቱ ዘርግቶ ሠራ። አሮጌውን ፈታ፤ የአዲሱን እሾህ ከቀዳዳው ጋር አገጣጠመ፤ ቡሎኑን በልኩ አጠበቀ። ቺንጋውን በሥዕሉ መሠረት መልሶ ጠመጠመና እያንዳንዱ ጥርስ በጉድጓዱ መቀመጡን በጣቱ እየዳሰሰ አረጋገጠ። ልጁ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ተነሣ፤ ቺንጋውም በጸጥታ ዞረ። ይህ ጸጥታና የሳሙናው ጸጥታ ለጆሮ አንድ ናቸው። ልዩነታቸውን የሚያውቀው የሠራው ሰው ነው፤ ተሳፋሪው ግን ነገ በሁለቱም ላይ እኩል ተማምኖ ይተኛል።

ስለዚህ ሰውየው አንድ የመጨረሻ ሥራ ሠራ። የቀረውን ከሰል አነሣና በኮፋኖው ውስጠኛ ገጽ ላይ ሊጽፍ ሞከረ፤ ከሰል በሙቀትና በቅባት እንደሚጠፋ ሲረዳ ቀለም አስመጣ። ቀኑን ጻፈ፤ የኪሎ ሜትሩን ቁጥር ጻፈ፤ የተለወጠውን ዕቃ ስም ጻፈ። ነገ ይህችን መኪና ሌላ ሰው ሊገዛት ይችላል፤ ልጁም አንድ ቀን ራሱ ሾፌር ይሆናል። ኮፋኖውን የሚከፍት ማንኛውም እጅ እዚያ የሠራው ሰው ምን እንዳደረገና መቼ እንዳደረገ ያነባል።